ያገገመችው ዶሮ

ባሏ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ ነገሩን ጣል አደረገው።

«እትዬ እሑድ ትመጣለች። ዶሮዋን ልታያት።»

ሚስቱ በጓሮው በር በኩል አመድ በወንፊት እየነፋች ነበር። ወንፊቱ ቆመ።

«ዶሮዋን?»

«ያመጣችልሽን ቀይዋን ነዋ።»

«ካመጣችልኝማ የኔ ናታ።»

«እሱን ራስሽ ንገሪያት። እኔን መሀል አታስገቢኝ።»

እሑድ ሩቅ አልነበረም። ቀይዋ ዶሮ ደግሞ እስከ እሑድ በሕይወት መቆየት አልነበረባትም።

ሴትዮዋን «ወይዘሮ አመድ» ያላት ሰፈሩ ነው። ዳቦ ቤቱ በር ላይ አመድ ልትወስድ ጆንያ ይዛ የምትቆም ሌላ ሴት ስለሌለች ስሙ ከማንም ጋር አይምታታም። ዕድሜዋን የጨረሰችው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ እንፋሎቱ ደረቷን ሲነካት ነው የወጣችው። እዚያ የተማረችው አንድ ነገር ነው፤ ቆሻሻው በአንድ በር ይገባል፣ ንጹሑ በሌላ በር ይወጣል፣ በሁለቱ መሀል የሚያልፍ እጅ ይታጠባል። ቤት ስትቀመጥ ይህንኑ ሕግ ለዶሮዎቿ አመጣችው።

ጓሮዋ ሰፊ አይደለም። ግን ያለ ሥራ የተቀመጠ ነገር የለበትም። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አንድ ያረጀ የልብስ መዘፍዘፊያ አለ፤ በተነፋ አመድና በደረቅ አፈር የተሞላ። ዶሮዎቹ እዚያ ይንከባለላሉ፣ ቅንቅኑም ይራገፋል። ወለሉ ላይ ከአናጺው የመጣ ሰጋቱራ ይነጠፋል፤ ሳይረጥብ ይገለበጣል፣ ከረጠበ ይወጣል። ቆጡ ስለታም ጠርዝ የሌለው፣ ጣታቸውን ዘርግተው የሚቆሙበት ወፍራም እንጨት ነው። ከጣራው ሥር አየር የሚወጣበት ክፍተት አለ። የውሃ ሳህኑ ታጥቦ በፀሐይ ላይ ይደፋል። ጎመኑ መሬት ላይ አይጣልም፤ እየዘለሉ እንዲነጩት በገመድ ይንጠለጠላል፣ ሥራ የያዘች ዶሮ የጎረቤቷን ላባ አትነጭምና። ውሃው ውስጥ አልፎ አልፎ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት ትጨምራለች። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህች ነጭ ሽንኩርት ነው።

«መድኃኒቱን ንገሪና!» ይሏታል ጎረቤቶቿ።

«መድኃኒቱ አካፋ ነው» ትላለች። «ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ።»

ማንም አያምናትም። አካፋ ያለው ሁሉ ዶሮ አርቢ በሆነ ነበር ብለው ይስቃሉ። ሆኖም ጫጩት የሚወስዱት ከእሷ ነው። የመንገዱ ዶሮ እኩሌታው የገብስማዋ ዘር ነው። ገብስማዋ የጓሮው እመቤት ናት፤ ስትታቀፍ የማትነሳ፣ ስትመራ ጭልፊት የማይደፍራት፣ በር ሲከፈት መጀመሪያ የምትወጣ።

እንግዳ ዶሮ በዚህ ጓሮ ሕግ አለው። በኋላ በር ይገባል፤ ድሮ ልብስ ማጠቢያ በነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻው ይቆያል፤ የሚበላው ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ እሷም ከእሱ ስትወጣ ጫማ ትቀይራለች፣ እጇን ትታጠባለች። አፍንጫው፣ ዓይኑ፣ ኩሱ ታይቶ ታይቶ ነው ከቤተሰቡ የሚቀላቀለው። ለማንም አይቀርም። አመዱን ለሚሰጣት ዳቦ ጋጋሪም አልቀረለትም።

ለባሏ ታላቅ እህት ግን ቀረላት።

ያን ቀን ታላቅየዋ ዶሮዋን በብብቷ ሥር ይዛ መጣች። ቀይ፣ ላባዋ የሚያብለጨልጭ፣ ሰው የማትፈራ ዶሮ ነበረች።

«ሙሽሪት!» አለች። ከተጋቡ ዘመን ሆኗል፣ ልጆቻቸውም ልጅ ወልደዋል፤ ለታላቅየዋ ግን ዛሬም ሙሽሪት ናት። «ይቺን ለአንቺ ብዬ ነው። ከኔ ጋ የምትሆን አይደለችም፤ ካንቺ ጋ ነው የሚያምርባት።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ይስጡኝና ወደ ጓዳዋ…»

«ወዴት? ወደዚያች ጨለማ ቤት? ምነው፣ ምን አጥፍታ ነው የምታስሪያት?»

«ለጥቂት ቀን ነው። ሁሉንም እንዲሁ ነው የማደርገው።»

«ሁሉንም? የኔም ከሁሉም ጋር ተቆጠረ?» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሰማህ? እህትህ ያመጣችውን በሽታ አለበት እያለች ነው።»

ባልየው ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ያልተቆረጠ ክር ፍለጋ ጀመረ። ሚስቱ ዶሮዋን ተቀብላ በጠባቧ ክፍልና በጓሮው በር መሀል ቆመች። አፏ «አይሆንም» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ግን ጉልበቱ ከክርን በላይ ነው፤ ክንዷ ራሱ ዝቅ አለና ቀይዋ ዶሮ አመዱ ላይ ዘላ ወረደች። ገብስማዋ አንዴ ነክሳት ቦታዋን አሳየቻት። ታላቅየዋ ሳቀች። ሁሉም ደስ አለው።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ጠዋት የዶሮ ቤቱን በር ስትከፍት የኩስ ያልሆነ፣ የሰጋቱራም ያልሆነ፣ የበሰበሰ ነገር ሽታ ተቀበላት። ቀጥሎ ማስነጠስ ሰማች። ቀይዋ ከቆጡ አልወረደችም። በአንድ ዓይኗ ጥግ አረፋ ተጠራቅሟል፤ ጉንጯ እንደ ሊጥ ተነፍቷል። ከአፍንጫዋ የሚወርደው ነው የሚሸተው። ገብስማዋም በር ሲከፈት መጨረሻ ወጣች።

ወይዘሮ አመድ አልጮኸችም። ቀይዋንና ገብስማዋን፣ ያስነጠሱትንም ሁሉ ለቅማ ወደ ጠባቧ ክፍል ወሰደች። አንዱን በር ለጤነኛ፣ አንዱን ለታመመ አደረገች። ጤነኞቹን መጀመሪያ፣ የታመሙትን መጨረሻ አበላች። በሁለቱም በር ላይ የየራሱ ጫማ ቆመ። ሰጋቱራውን ጠራርጋ አወጣች፤ ሳህኖቹን በፈላ ውሃ አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋች። ባሏ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይመክራል፦

«ነጭ ሽንኩርቱን አብዢዋ!»

«ሽንኩርት ለጤነኛ ነው። ይሄ ሌላ ነው።»

«ሰፈሩ ምን ይላል?»

«ሰፈሩ ገና አላወቀም። አንተ ካልጮህክ።»

የእንስሳት ሐኪሙን ጠራችው። ከሥራ የተመለሰ፣ ቦርሳው ትከሻውን ያጎበጠው ሰው ነው። ጓንቱን አድርጎ የቀይዋን ምንቃር ከፈተ፣ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ፈንግል ነው?» አለች። ድምፅዋ የተንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ፈንግል ቢሆን ይሄኔ ግቢው ባዶ ነበር። ይሄ የአፍንጫና የፊት ሕመም ነው፣ እናቴ። እንደያዛቸው ሁሉ ይሞታሉ ማለት አይደለም። እንዲህ በደረቅና አየር ባለው ቦታ አብዛኞቹ ይነሳሉ።»

«ተመስገን።»

«ቆይ፣ ገና ነው ምስጋናው። የተነሳችው ዶሮ ነች አስቸጋሪዋ። እሷ ድና ትበላለች፣ ትጥላለች፤ በሽታውን ግን ይዛው ትኖራለች። ከጤነኛ ጋር ባዋሏት ቀን እንደገና ይጀምራል።»

«መድኃኒት የለውም?»

«እብጠቱን የሚያወርድ አለ፣ ልሰጥዎት እችላለሁ። ከውስጧ ጠርጎ የሚያወጣው ግን የለኝም። ዶሮ ለሰው ይሰጣሉ?»

ወደ ጤነኞቹ በር አየች። ለመንገዱ ሰው ሁሉ እንደምትሰጥ እሱም ያውቃል።

«እንግዲያው ምርጫው ሁለት ነው» አለ ጓንቱን እያወለቀ። «ወይ ከዚህ ግቢ ምንም ዶሮ ከእንግዲህ አይወጣም፣ ወይ የታመመችው ሁሉ ትወገዳለች። ያልታመሙትን ለይተው ይጠብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ከታመሙት መሀል ሁለት ደካሞች ሞቱ። ቀይዋ አልሞተችም። ጉንጯ ጎደለ፣ ዓይኗ ተከፈተ፣ ጥሬ ሲበተን ሌሎቹን እየገፋች ትለቅም ጀመር። ገብስማዋም ተነሳች፤ እንዲያውም እንቁላል ጣለች። ወይዘሮ አመድ ያንን እንቁላል በእጇ ይዛ ቆማ ቀረች። የሞተ ዶሮ ይቀበራል፣ ያልቃል። የዳነ ዶሮ ግን ዓይን ዓይንሽን ያያል።

ዳቦ ጋጋሪው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠይቃታል፦

«ቃል የገባሽልኝ ቄቦች አልደረሱም እንዴ? ዓመቱን ሙሉ አመዴን ስትዝቂ…»

«አልደረሱም።»

«ይኸው ይታዩኛል እኮ! ከኔ ልጆች ይበልጣሉ።»

«አልደረሱም አልኩህ!»

ሰውየው ከአጥሩ ወረደ። እንዲህ ተናግራው አታውቅም።

ባሏ ሌላ መንገድ አገኘ። ምሳ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀይዋን ለምን አትተያትም?» አለ። «ለብቻዋ እዚያችው ክፍል ትቀመጥ። እትዬ ስትመጣ ታያታለች፣ ደስ ይላታል፣ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የወደድሽውን አድርጊ። ሞተች እንላታለን።»

«ከዚያስ በሌላ ጊዜ ሌላ ይዛልን ብትመጣ?»

በእጁ የነበረውን እንጀራ ጠቅልሎ ጎረሰ።

እሑድ ታላቅየዋ መጣች። በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈች፤ ወይዘሮ አመድ በበሩ ላይ ቀደመቻት።

«እዚህ ይቁሙልኝ፣ እትዬ። ጫማዎ እንዳይነካ።»

«ጫማዬን ምን አደረግሽው ደግሞ?»

በጠባቧ ክፍል መስኮት በኩል ቀይዋን አሳየቻት። ቀይዋ ሰው ስታይ ተሯሩጣ መጣች። ላባዋ ያብለጨልጫል። ታላቅየዋ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«አምሮባታል! አላልኩም? አንቺ ጋ ነው የሚያምርባት አላልኩም?»

ባልየው ከኋላ ቆሞ በዓይኑ ይለምናል። ወይዘሮ አመድ አላየችውም።

«ታማ ነበር፣ እትዬ። ጓሮዬን ሁሉ አሳመመችብኝ። አሁን ብትድንም በሽታውን ይዛለች። ዛሬ ትታረዳለች።»

ታላቅየዋ እጇን ከአፏ አወረደች።

«የኔ ዶሮ ናት ያሳመመችብሽ?»

«አዎ።»

«ጓሮሽ ቆሽሾ አይሆንም? አመድ የምትቆልዪበት ጓሮ?»

«እትዬ፣» አለ ባልየው።

«አንተ ዝም በል! ሚስትህ ናት የምትናገረው።»

ወይዘሮ አመድ ፊቷ ነደደ፤ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ የተነከረ ነገር ሲመጣ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ነበር መጀመሪያ የሚጠየቀው። ጠየቀች።

«እርስዎ ቤት ያሉት እንዴት ናቸው?»

ታላቅየዋ ነጠላዋን ሰበሰበች። አጥሩ ሥር የነበረው ግንድ ላይ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ አጠረች።

«አለቁ» አለች።

«መቼ?»

«እሷን ከማምጣቴ በፊትም፣ ካመጣኋት በኋላም። ፊታቸው እያበጠ። እሷ ብቻ ነበረች ያልታመመችው። አንቺ ጋ ብትሆን ትተርፋለች ብዬ ነው። ያ ነጭ ሽንኩርትሽ…»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታስገቢያት ነበር?»

«አስገባት ነበር። በኋላ በር።»

ታላቅየዋ አንገቷን ደፋች። እንደ እሷ ያለች ሴት፣ ዶሮ ማርባት ለወንድሟ ሚስት ያስተማረች፣ ዶሮዎቼ አለቁብኝ ብላ በር ላይ መቆም እንዴት ይሆንላታል? አላለችውም፤ ግን ሦስቱም ገባቸው። አንደኛዋ መናገር አፍራ፣ ሌላዋ መከልከል አፍራ፣ ዶሮዋ በመሀል አለፈች።

«የኔን ብቻ ነው የምታርጂው?» አለች ታላቅየዋ።

«የኔንም። የተነሱትን ሁሉ። ገብስማዋንም።»

«ገብስማዋን?» ቀና አለች። «ገብስማዋንማ አትችዪም።»

«እሷን ነው የማስቀድመው።»

ባልየው ቢላዋውን ስሎ አቀበላትና ወደ ቤት ገባ፤ ደም አይወድም። ገብስማዋ በእጇ ሥር አልተፍጨረጨረችም፣ ለምዳታለች። ያ ነው የከበዳት። ቀይዋን ታላቅየዋ ራሷ ያዘች፤ ፊቷን አዙራ፣ ግን እጇን ሳትለቅ። ሥራው ሲያልቅ ወይዘሮ አመድ ዶሮዎቹን ጉድጓድ ከታ በአፈር ሞላች፣ ክፍሏን ጠረገች፣ ሁለቱም እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ። ስለ ታላቅየዋ ግቢም ተነጋገሩ፤ ኩሱ ይውጣ፣ ቆጡ ይፈቅፈቅ፣ በሩ ተከፍቶ ፀሐይ ይግባበት፣ ምንም ዶሮ ሳይገባ ይክረም።

ታላቅየዋ እጇን እያደረቀች ወደ ጤነኞቹ በር አየች። ቄቦቹ በገመድ የተንጠለጠለውን ጎመን እየዘለሉ ይነጫሉ።

«እንግዲህ ስሄድ ከነሱ አንዷን ልያዝ?»

«አይያዙም፣ እትዬ።»

ታላቅየዋ ትክ ብላ አየቻት። ወይዘሮ አመድ ዓይኗን አልሰበረችም።

«መቼ ልምጣ ታዲያ?»

«እኔ እመጣለሁ። ግቢዎን አይቼ።»

«አንቺ ልትመረምሪኝ? እኔን?»

«አዎ፣ እርስዎን።»

«አይ ሙሽሪት!» አለች ታላቅየዋ። ስድብ ይሁን ምርቃት አልለየም። ጫማዋን በር ላይ እያራገፈች ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ አመድ የዶሮ ቤቱን ከመክፈቷ በፊት ጆሮዋን በሩ ላይ ጣለች። የጭረት ድምፅ ነበር፤ ማስነጠስ አልነበረም። ከፈተችና አሸተተች። ሰጋቱራ ብቻ። ዳቦ ጋጋሪው አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ምንም ሳይጠይቅ አያት። ራሷን ነቀነቀችለት፤ ገና ነው። ነገም ታዳምጣለች።