ኦቦ ያደታ ሳይደገፉ ሲያነጣጥሩ

ሮጬ ነው የገባሁት። ከታክሲ ከወረድኩ ጀምሮ አንዴም አልቆምኩም፣ ጭቃው ጫማዬን ነቅሎት ነበር፣ በእጄ ይዤው ነው የገባሁት። በሩን ቆልፌ አልጋ ላይ ቁጭ ስል ኪሴን ዳበስኩ። አሉ። አምስቱም አሉ። የኦቦ ያደታ ጥይቶች የኔ የሥራ ጋውን ኪስ ውስጥ ናቸው፣ ኦቦ ያደታን ደግሞ ፖሊስ ወስዷቸዋል።

አሁን መሽቷል። ጥይቶቹን ሹሮ ጣሳ ውስጥ ቀብሬያቸዋለሁ። አከራዬ ሁለቴ አንኳኩታ «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» አለችኝ፣ አሞኛል አልኳት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ገና አልተነሣም። ጥይት ይዞ የተገኘ ሰው ምን እንደሚሆን አላጣራሁም፣ ማጣራትም ፈራሁ።

የምጽፈው ለምን እንደሆነ ልናገር። ዛሬ ሲጠይቁኝ አፌ ተያያዘ። ነገም ቢጠይቁኝ እንደዛው ይሆናል። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያፈጥብኝም። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ስለዚህ የተሳሳተ ፊደል ካለ እለፉኝ። ሰውዬው ማን እንደሆኑ ብቻ ልጻፍ።

እኔ ሥርጉት እባላለሁ። ገላን ኮንዶሚኒየም አጥር ሥር ባለ የእህል መጋዘን በር ላይ ፈታሽ ነኝ። ሽምብራና ቦሎቄ የሚለቅሙት ሴቶች ማታ ሲወጡ ነጠላቸውን እያራገፍኩ የምፈትሽ እኔ ነኝ። ኦቦ ያደታ የበሩ ዘበኛ ናቸው። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ ኮቴያቸው የማይሰማ። ሾፌሮቹ «ሽማግሌው ድመት ናቸው» ይሏቸዋል፣ ሳያስቡት ጀርባቸው ላይ ቆመው ስለሚገኙ።

የዚሁ አካባቢ ልጅ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ያለበት ቦታ የአባታቸው የሽምብራ ማሳ ነበር። ይሄን አንድ ቀን በአገጫቸው ጠቆም አድርገው ነገሩኝ፣ ሁለተኛ አላነሱትም። ሚስታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ፌኔት ዱከም ተድራለች፣ ለበዓል ትደውላለች። በቀረው ጊዜ ስልካቸው አይጮህም። እኔ ከመቀጠሬ በፊት እሁድ እሁድ ግቢው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም።

ሰው ዘበኛ ብቻ ይመስላቸዋል። እሳቸው ግን የአደን ሰው ነበሩ። አንድ የአደን ድርጅት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ክረምት ሲያልፍ ከጥቅምት ጀምሮ ባሌ ተራራ ይወጡ ነበር፣ ኮቴ እየተከተሉ ፈረንጆቹን አጋዘኑ ጋ ያደርሱ ነበር። ክረምት አደን ዝግ ስለሆነ ተመልሰው ዘበኛ ይሆኑ ነበር። ፈረንጁ አቁስሎ ከሳተ መጨረስ ያለባቸው እሳቸው ነበሩ። ቆስሎ የሄደ አውሬ ቀን ከሌት ሲሰቃይ ነው የሚሞተው አሉኝ።

በመጨረሻው ዓመት ፈረንጁ አንድ አጋዘን አቆሰለ። ቦታው አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ የበዛበት ነው፣ ከወገብ በላይ። ቢንበረከኩ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየው፣ የሚደገፉበት ዛፍ የለ፣ የጠመንጃ መደገፊያውን ባላ ቢተክሉት ረግረጉ ዋጠው። በቁማቸው ተኮሱ። እግሩን ብቻ አገኙት። ሁለት ቀን ደሙን ተከተሉ፣ በሦስተኛው ዝናብ ጣለና ደሙን አጠበው። የአደን ድርጅቱ ኃላፊ ሮሪሳ «ያደታ፣ ሳትደገፍ መተኮስ ስትችል ተመለስ» ብሎ አሰናበታቸው። ሁለት ዓመት ሆነው።

«ሮሪሳን ተቀየሙት?» አልኳቸው አንዴ።

«እሱን ለምን? እሱ ምን አለ? እኔ አጋዘኑን ነው ይቅርታ የምለው፣ እሱ ደግሞ አድራሻ የለው።»

እኔ ከተቀጠርኩ በሦስተኛው እሁድ ይመስለኛል ጠሩኝ።

«ፈታሿ! ነይ እስቲ እኔንም ፈትሺኝ።»

«ምን ደብቀው ነው አባባ?»

«ጥይት።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። የመጋዘኑ ጠመንጃ አሮጌ ምንሽር ነው። መቀርቀሪያውን እየሳቡ አንድ በአንድ አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን» እያሉ በኦሮምኛ ቆጠሩልኝ። «ያዢልኝ። ሃያ እርምጃ ከኋላዬ ራቂ። ስጨርስ ቆጥረሽ ትመልሺልኛለሽ።»

«ኪስዎ ቢከቱት ምን ይላል?»

«ለልምምድ ባዶ ቃታ የሚስብ ሰው ጥይት አብሮ አይዝም። የአደን ሰፈር ሕግ ነው። ባዶ መስሎት ስንቱ ጓደኛውን ገደለ መሰለሽ።»

«እና እስከ ዛሬ ማን ይይዝልዎት ነበር?»

ጥግ ላይ ያለች የድልህ ጣሳ በአገጫቸው አሳዩኝ። «እሷ።»

ከዛ በኋላ እሁድ እሁድ መኪና ሳይኖር ሥራችን ይሄ ሆነ። ሥራችን ስል የሳቸው ነው፣ እኔ ቆሜ ጥይት መያዝ ነው። ግራ እግራቸውን ቀደም ያደርጋሉ፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ ያስደግፋሉ፣ ግድግዳ የለ፣ ባላ የለ። እኔ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ቆርኪ አስቀምጥላቸውና ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ትንፋሻቸውን ግማሹን ለቀው ያቆሙታል። ቃታው ቀጭ ይላል። ቆርኪው ካልወደቀ መቱ። ከወደቀ «ቆስሎ ሄደ» ይላሉ፣ ለኔ አይደለም የሚሉት። ግንቦት ላይ አሥር ጊዜ ቢሞክሩ አሥሩንም ወደቀ። ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልፎ አልፎ ዓይኔን አዞራለሁ። ሐምሌ ሲገባ ከአሥሩ ሁለቴ ብቻ ነበር የሚወድቀው።

ዒላማው ከፍ ማለት ነበረበት፣ አጋዘን ከላይ ዳገቱ ላይ ስለሚቆም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ዕጣ ወጥቶለት ባለቤቱ ሳይገባበት የቀረ ቤት ነበር። ባልኮኒው ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ተንጠልጥሎ ነበር። እሱን ነበር የሚያነጣጥሩት።

«አባባ፣ ሰው ቤት ላይ?» ብያቸው ነበር።

«ሰው ባለበት አፈሙዝ አይዞርም» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። መብራት የለው፣ መጋረጃ የለው። የርግብ ቤት ነው።»

አሁን የኔን ጥፋት ልጽፍ ነው። ትናንት ቅዳሜ እሳቸው ገና ሳይገቡ የቤት ዕቃ የጫነ አንድ አይሱዙ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ብሎክ መጣ። ቁም ሣጥን ደረጃው አላሳልፍ ብሏቸው በገመድ በባልኮኒ ሲጎትቱት አየሁ። የቱ ባልኮኒ እንደሆነ ልቆጥር ስል ለቃሚዎቹ ወጡ፣ አንዷ «ጡቴን ነካሽ» ብላ ተጣላችኝ፣ በዛው ረሳሁት። ማታ ፈረቃ ስንቀያየር አገኘኋቸው። «ደህና ይደሩ» ብቻ ብያቸው ሄድኩ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ አባራ። ኦቦ ያደታ ፊታቸው ሌላ ሰው መስሎ ነበር። ሮሪሳ ደውሎላቸዋል። መስከረም ሃያ ፈተና አለ፣ በመቶ እርምጃ በቁም ሦስት ጥይት፣ ሦስቱንም ከመቱ ጥቅምት ላይ ይወጣሉ።

«ፈታሿ፣ ለጥቅምት ሌላ ሽማግሌ ፈልጊ።»

«እኔንስ ማን ያዋራኛል?»

«ጣሳዋ አለችልሽ አይደል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ጥይቶቹን ቆጠሩልኝ፣ ኪሴ ከተትኳቸው፣ ቆርኪውን አስቀምጬ ወደ ኋላዬ ሄድኩ።

አነጣጠሩ። ቀጭ አላለም። «ከረጢቷ የታለች?» አሉ ጠመንጃውን ሳያወርዱ። አፈሙዙን ቀስ አድርገው ወደ ግራ፣ ከዛ ወደ ቀኝ። እኔ የዛኔ ቁም ሣጥኑ ትዝ አለኝ። አባባ ልል አፌን ከፈትኩ። የባልኮኒው በር ተከፈተና አንዲት ሴት የልብስ ሳፋ ይዛ ወጣች።

እሷ ያየችው ጠመንጃ ነው። ጩኸቷ እስከ ዋናው መንገድ ሳይሰማ አይቀርም። ሳፋውን ለቀቀችው፣ ልብሱ በአጥሩ ላይ ተበተነ፣ አንድ የሕፃን ሸሚዝ እኛ ግቢ ወደቀ። ኦቦ ያደታ ጠመንጃውን መሬት አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይተው ተነሥተው ሸሚዙን አነሡ፣ ጭቃውን በእጃቸው ጠረጉት፣ ጨመቁት፣ አጠፉት።

«ላድርስላትና ይቅርታ ልበላት?» አሉኝ።

«አይሂዱ አባባ» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ በሩ ተደበደበ። ሦስት ፖሊሶች ናቸው። ከኋላቸው ግማሹ ብሎክ ወርዷል። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ አሻግሬም ተደውሎላቸው ሲሮጡ መጡ፣ ሸሚዛቸው እንኳን ተዛንፎ ነበር የተቆለፈው።

«አባት፣ ሴትዮዋን ነው ያነጣጠሩባት?»

«ከረጢት ነው።»

«ምን ከረጢት?»

«ከረጢት ነበረ። ባለፈው እሁድ ነበረ።»

ከሰዉ ውስጥ አንዱ ሳቀ። «ሰውዬው ቀውሷል እንዴ!» አለ።

ፖሊሱ መቀርቀሪያውን ሳበው። ባዶ ነው። «ስንት ጥይት ነው የተረከቡት?» ብሎ ጋሽ አሻግሬን ጠየቃቸው።

«አምስት። ፈርመዋል።»

«የት አሉ?»

ኦቦ ያደታ መሬት መሬት አዩ። እኔን አላዩኝም። አንዴ እንኳን ወደኔ ዞር አላሉም። እዛው አጠገባቸው ነበርኩ፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ጥይቶቹን ጨምቄ ይዣለሁ፣ ሞቀዋል።

«ጠፍተዋል» አሉ።

«አምስት ጥይት ጠፋ? በዚህ ጊዜ?» ፖሊሱ ወደኔ ዞረ። «አንቺ፣ እዚህ ነበርሽ? አይተሻል?»

«እኔ አላውቅም» አልኩ። «እኔ ፈታሽ ነኝ።»

እንደዛ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። እሳቸውም ሰሙ። ፖሊሱ አልመታቸውም፣ አልተሳደበም፣ «አባት፣ ይሂዱ» ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። ሲወጡ ሸሚዙን የዘበኛ ቤቱ በርጩማ ላይ አስቀመጡ። «ለእናትየው» አሉ፣ ለማን እንዳሉት አይታወቅም። ለጣሳዋም ሊሆን ይችላል።

ጋሽ አሻግሬ በሩን ሲዘጉ «እስኪጣራ አይለቀቁም። ጥይቱ ካልተገኘ ደግሞ…» ብለው ተዉት። እኔ ቦርሳዬን እንኳን ሳልይዝ ወጣሁ።

እያሰብኩ ነው። ጥይቶቹን ይዤ ብሄድ ጠመንጃው ባዶ እንደነበር ይታወቃል፣ ቁጥሩም ከፈረሙት ጋር ይገጥማል። ግን «ታዲያ ለምን ደበቅሽ፣ ለምን አላውቅም አልሽ» ይሉኛል። እዛ ላይ አፌ ይያያዛል። ባልሄድ፣ በአዋጅ ጊዜ አምስት ጥይት ያጠፋ፣ ሴት ላይ ያነጣጠረ ሰውዬ ሆነው ይቀራሉ። መስከረም ሃያም ይቀራል። ወንዙ ቅርብ ነው፣ ከድልድዩ ላይ ብጥላቸው ማንም አያይም። እሱንም አስቤዋለሁ፣ አልዋሽም።

ቅድም ጣሳውን ከፍቼ ሹሮውን አራግፌ ቆጠርኳቸው። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን። ስጨርስ ቆጥረሽ ትመልሺልኛለሽ ነበር ያሉኝ።

ነገ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ መንገዱ አንድ ነው። አስፋልቱ ጋ ሲደረስ ፖሊስ ጣቢያው በግራ ነው፣ ወደ መጋዘኑ የሚሄደው ታክሲ በቀኝ፣ ድልድዩ ፊት ለፊት። እዛ ስደርስ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።