የእትዬ ዘይነባ ሁለት ኪሶች

የመርሳ እህል ተራ ነጋዴ የነበሩት ወይዘሮ ዘይነባ ይመር ባለፈው ሐሙስ ከዙህር ሶላት በፊት በቤታቸው አርፈዋል። ቀብራቸውም የዚያኑ ዕለት ከአሱር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ከሲሪንቃ፣ ከግራናና ከወልድያ ለቀብሩ መድረስ ያልቻላችሁ ብዙ ናችሁና ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። እኔ አስካለ ነኝ፤ ከእህል ሱቃቸው ፊት ለፊት ያለሁት ልብስ ሰፊ። አሥራ አምስት ዓመት ጎረቤታቸው ነበርኩ፤ ሰው ልጃቸው ነሽ ሲለኝም አላስተባብልም ነበር።

ለቅሶው ላይ የኪሶቹ ነገር ተነስቶ ድንኳኑ በሳቅ ሲሞላ ከሩቅ የመጡ እንግዶች ደንግጠው ነበር። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ቢቀየመን አይፈረድበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እትዬ ዘይነባ ጤፍና ማሾ ሲሸጡ መጀመሪያ የሚዛኑን ሳህን እፍ ብለው አቧራውን ያራግፋሉ። የመመዘኛ ብረቱን በአንዱ፣ እህሉን በሌላው ሳህን ያደርጉና እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። ገዢው «ይበቃል እትዬ፣ ቸኩያለሁ» ቢላቸው እንኳ «ቆይ፣ ሚዛኑ ዝም ይበል» ነበር መልሳቸው። ከዚያ በላዩ አንድ እፍኝ ምርቃት ይጨምራሉ፤ ለሐዘንተኛና አራስ ላለችበት ቤት ሁለት እፍኝ። «ነገ አላህ ፊት የምቆምበት ሚዛን አለ፤ እዚያ ሄጄ አላፍርም» ይሉ ነበር። እኚህ ሴት በዕድሜያቸው ሚዛን ያታለሉት በአንድ ሰሞን ብቻ ነው። ተባባሪያቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ከአራት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ በየሦስት ሳምንቱ ደሴ እየተመላለሱ ኬሞቴራፒ መውሰድ ጀመሩ። ልጆቻቸው ርቀው ስለሚኖሩ አስታማሚያቸው እኔ ሆንኩ። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ሁልጊዜ ይመዘናሉ። በሁለተኛው ዙር ወረፋ ላይ አንዲት ታማሚ «ክብደትዎ ከቀነሰ መድኃኒቱንም ይቀንሱብዎታል» አለቻቸው። መርሳ በተመለስን በማግስቱ እትዬ ዘይነባ አንድ ሰፊ የውስጥ ቀሚስ ይዘው ሱቄ መጡ።

«አስካል፣ ከዚህም ከዚያም ጎኑ ኪስ ስፊልኝ። ክሩን ደርቢው።»

«ለምንዎ ነው እትዬ?»

«ኪስ ለምን ይሆናል? ለመያዣ ነዋ!»

ለስልክና ለቁልፍ መስሎኝ አሳምሬ ሰፋሁት። ክሩንም ደረብኩ። እንዲያውም በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

በሦስተኛው ዙር ጉንጫቸው ገብቶ፣ ልብሱ ሁሉ ሰፍቷቸው ሳለ ሚዛኑ ያንኑ የመጀመሪያውን ቁጥር አሳየ። ነርሷ «ጎበዝ እትዬ፣ እየበሉ ነው ማለት ነው!» አለቻቸው። እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወረዱ። እኔ ግን ከአጥሚት በቀር በአፋቸው የሚገባ ነገር እንደሌለ አውቅ ነበርና ግራ ገባኝ። ከዚያ ዙር በኋላ አፋቸው ውስጡ ቆሳሰለ፤ ከቤታቸው ሱቃቸው ድረስ መራመድ አቃታቸው። ልናጣቸው ነው ብዬ ፈራሁ።

በአራተኛው ዙር ለመመዘን ሦስት ሰው ሲቀረን ደግፌ ላስነሳቸው ስል ከጅልባባቸው ሥር ብረት ወንበሩን ሲመታ ሰማሁ። ዳሰስኩ። በየኪሱ አንዳንድ ባለ ሁለት ኪሎ የሚዛን ብረት ተቀምጧል። የሰፋሁት ለዚህ ነበር።

«እትዬ! ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ዝም በይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል።»

«ምን ያረግልኛል ብለው ነው በአላህ?»

«እህል ሲጎድል ሰው ይራባል፤ መድኃኒት ሲጎድል ደሞ በሽታው ይጠግባል። እኔ መዳን ነው የምፈልግ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዳትናገሪ!»

ተናግሬ መድኃኒቱ ቢቀነስባቸውና ቢሞቱስ? ዝም ብዬ በዚህ አቅማቸው ያንኑ ቢሰጧቸውና ቢሞቱስ? ተራቸው ደርሶ ሚዛኑ ላይ ሊወጡ እግራቸውን ሲያነሱ ነርሷን «እባክሽ መጀመሪያ ኪሳቸው ይታይ» አልኳት። እትዬ ዘይነባ ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ብረቶቹ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ ነርሷ የጠራችው ወጣት ሐኪም ሳቁን ለመደበቅ አፉን ያዘ። ብረቱ ወርዶ ሲመዘኑ ግን አራት ኪሎ ተኩል ጎድለው ተገኙ፤ የእሱም ሳቅ ጠፋ። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እትዬ፣ በጤፍ ላይ ምርቃት ደግ ነው። በዚህ መድኃኒት ግን ምርቃት የለም። ለሰውነትዎ ልክ የሆነውን ነው የምንሰጥዎ፤ ሲበዛ የሚጎዳው በሽታውን ብቻ አይደለም። የደበቁን ደግሞ ኪሎውን ብቻ መሰለዎት? አለመብላትዎን ነው የደበቁን።»

የዚያን ቀን መድኃኒቱ አልተሰጣቸውም። ደማቸው ተመረመረ፣ ለአፋቸው ቁስል መድኃኒት ታዘዘ፣ አቅም እስኪያገኙ ሌላ ቀጠሮ ተያዘ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። ውጫሌ ስንደርስ ሳያዩኝ ጠየቁኝ።

«ብረቶቼን ይዘሻቸዋል?»

«አዎ እትዬ። ከብደውኛል።»

«ይበልሽ!» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ። ከኋላችን የነበሩት ተሳፋሪዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውን ሳቁ።

በማግስቱ ቀሚሱን አምጥተው «ፍቺው» አሉኝ። ክሩን ደርቤው ስለነበር ሁለቱን ኪሶች ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ እሳቸውም በርጩማ ላይ ተቀምጠው «እንዲያው ምን አይነት ጎበዝ ሰፊ ነሽ!» እያሉ ሲያላግጡብኝ ዋሉ። ቀሪዎቹን ዙሮች በልካቸው ወስደው ጨረሱ። ጸጉራቸው በቀለ፣ ወደ ሱቃቸውም ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሕክምናውን የምትጀምር ሴት ካለች ሰው ወደ እሳቸው ይልካት ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኝተው «ሚዛን ላይ ቁልፍ እንኳ ይዘሽ እንዳትወጪ። ያመመሽንም ያልበላሽውንም አትደብቂያቸው» ይሏታል። አንዷን የግራና ሴት ጫማዋ ከባድ ነው ብለው እዚያው መናኸሪያ አስወልቀው የራሳቸውን ሸበጥ አጫምተዋት በባዶ እግራቸው ወደ ሱቅ ተመልሰዋል።

አምና በሽታው ተመለሰ። እኔን የበላኝ ነገር ያኔ ጀመረ። ያን ቀን ባልናገርና መድኃኒቱ ባይቀነስባቸው ኖሮ በሽታው ይመለስ ነበር? ብዙ ወር በሆዴ ይዤው ቆየሁ። ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ «እትዬ፣ ያኔ ዝም ብል ኖሮ...» ስል አላስጨረሱኝም።

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። በዚያ አቅሜ ያንን ቢሰጡኝ ወሩንም አልጨርሰው ነበር አለኝ። አንቺ መድኃኒቴን አልቀነስሽብኝም፤ ብረቴን ነው ያወረድሽልኝ። ከዚያ ወዲህ የኖርኩት ምርቃቴ ነው ልጄ፤ እሱም በሁለት እፍኝ።»

ይህን ባይሉኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍ እጄ አይታዘዘኝም ነበር።

እትዬ ዘይነባ፣ የመጨረሻ ልብስዎን እንድሰፋ አልተጠራሁም፤ ከፈን መርፌ አይነካውም። ኪስ እንደሌለው ስለማውቅም ልቤ አርፏል፤ ቢኖረው እርስዎን አላምንም ነበር። ያ ሁልጊዜ የሚሉት ሚዛን ፊት ሲቆሙ አይስጉ፤ ምንም ሳይጨምሩ ይሞላል። ሁለቱ ብረቶችዎ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ጨርቅ ስቆርጥ እንዳይሸሽብኝ ላዩ ላይ እጭናቸዋለሁ። ደህና ይሁኑ፣ እናቴ። ዛሬም ከብደውኛል፤ እንደ ውጫሌው ቀን «ይበልሽ!» ብለው ይሳቁብኝ።