በሁዳዴ ሥጋ የገዛው ሐኪም

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ ነበር። ብዙ ዓመት ቢያልፈውም አልረሳሁትም፤ በገዛ ምላሴ የገዛ እግሬን ላጣ ለጥቂት ነው የተረፍሁት።

ያኔ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበርሁ። የፋብሪካው ክፍሎች እርስ በርስ ኳስ ሲጋጠሙ፣ ዞር እላለሁ ስል የቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ቋ አለ። እብጠቱ በሁለት ሳምንት ጎደለ፤ ጉልበቴ ግን ከዚያ ወዲያ ከዳኝ። ደህና ስሄድ ቆይቼ ድንገት እጥፍ ይልብኛል። አንድ ቀን ወላጆቼን ልጠይቅ ዘጌ ስሻገር፣ ከጀልባ ስወርድ በራሽን ከቀበሌ ካገኘሁት ስኳር ጋር ጣና ውስጥ ገባሁ። እናቴ ያዘነችው ለስኳሩ ይሁን ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምንቆመው በሚሽከረከር ማሽን መካከል ነው። እዚያ መሀል ጉልበት ከከዳ እጅም ተከትሎ ይሄዳል። አለቃዬ «ወይ ታከም፣ ወይ ሌላ ሥራ ፈልግ» አለኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነበር። ጉልበቴን ወደ ፊት ሳብ ሳብ አድርጎ አየና፣ «ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሷል። ከጉልበትህ ሎሚ ሥር ካለው ከራስህ ጅማት ቀጭን ቁራጭ ወስጄ በቦታው እተካልሃለሁ» አለኝ። ቀጠሮ ሰጠኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ከእኔ በፊት በዚሁ ሐኪም ይህንኑ የተሠራ አንድ ሹፌር አውቅ ነበር። ጉልበቱ መክዳቱን ተወ፤ ግን አልታጠፍ ብሎ ቀረ። መሪ ጨብጦ ይኖር የነበረ ሰው፣ አውቶቡስ ውስጥ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ ተሳፋሪ ሆነ።

ለቀጠሮዬ ሁለት ቀን ሲቀረው በገበያው በኩል እያነከስሁ ሳልፍ፣ ዶክተሩ ከእስላም ሥጋ ቤት ሲወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። በጋዜጣ የተጠቀለለ የበሬ እግር ታቅፏል፤ ጋዜጣውን ደም አርሶታል። አንገቱ ላይ ደግሞ ማተቡ ይታያል። በሁዳዴ! ፈገግ ብሎ «ጉልበትህ እንዴት ነው?» አለኝ። ፊቴን አዙሬ እያነከስሁ ሄድሁ።

ምነው አፌን በያዝሁ! ቤት እንደገባሁ ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ብራና ይጽፋሉ፣ መጽሐፍ ይጠርዛሉ። ሊያስታምሙኝ ከዘጌ መጥተው ነበር።

«ሥጋ ገዛ? በዐቢይ ጾም? ያውም ከእስላም ቤት?»

«በዓይኔ ነው ያየሁ።»

«ኮሙኒስት አገር ከርሞ የመጣ ሰው ምኑን ይጾማል! በዚያ እጁ የልጄን እግር አይነካም። ወጌሻ አለ፣ ጠበል አለ፤ ተነሥ እንሂድ።»

እውነቱን ልናገርና፣ ለፍርሃቴ ሰበብ በማግኘቴ ደስ አለኝ። ለሥራ ጓደኞቼም ሳልነግር አልዋልሁም።

በማግሥቱ ቀጠሮዬን ልንሰርዝ ሆስፒታል ሄድን። ካርድ ክፍሉ ጋ ደርሰን ዝም ብለን እንመለሳለን ብዬ ነበር። አባቴ ግን ዶክተሩን ኮሪደሩ ላይ አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ክርስቲያን ነህ?»

«ነኝ አባቴ። ምነው?»

«ታዲያ ትናንት የበላኸው ምንድን ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየና ነገሩ ገባው። ይቆጣል ስል ሳቀ። «ይምጡ፣ ያልበላሁትን ላሳይዎት» ብሎ ከመድኃኒት መጋዘኑ ጀርባ ወዳለች ጠባብ ክፍል ይዞን ገባ።

ጠረጴዛው ላይ ያ የበሬ እግር ጉልበቱ ተከፍቶ ተጋድሟል። የላዩም የታቹም አጥንት ተበስቷል፤ በቀዳዳዎቹ ነጭ ጅማት ገብቷል።

«ይህ የምለማመድበት ሰባተኛው ጉልበት ነው» አለ። «የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ለጾሙ ስለተዘጋ ነው እዚያ የሄድሁት።»

«ታዲያ ፋሲካን አትጠብቅም?»

«የልጅዎ ጉልበት በከዳው ቁጥር ውስጡ ይጎዳል። አይቆይም አባቴ።»

ከዚያ የበሬውን እግር ዘረጋና ጅማቱን ጠበቅ አድርጎ ስቦ፣ «መጀመሪያ እንዲህ ነበር የማስረው» አለ።

አባቴ ቁጣቸውን ረስተው ጎንበስ አሉ። ጅማት የእሳቸውም ሙያ ነው፤ ብራናውን በበሬ ጅማት እየሰፉ፣ የሽፋኑን የእንጨት ገበታ እየበሱ ነው መጽሐፍ የሚጠርዙት።

«ተው! ተው!» አሉት። «እኔ መጽሐፉን እንደተዘጋ አጥብቄ ብጠርዘው መቼ ይከፈትልኛል? ቀዳዳውም ወደ ፊት ሸሽቷል። ከመቋጠሬ በፊት ስንቴ ከፍቼ ስንቴ ዘግቼ ነው የማየው!»

ዶክተሩ የሳበውን ጅማት ለቀቀ። «ሹፌሩን ያበላሸሁት በዚህ ነው። ቀዳዳውን ወደ ፊት አወጣሁት፤ እግሩን ዘርግቼ አጥብቄ አሰርሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ለማግኘት እኔ ስድስት ጉልበት ፈጀሁ፤ እርስዎ በአንድ እይታ አገኙት።»

ጅማቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ በተበሳ ሌላ ቀዳዳ አስገባው። የአባቴን ጣት ይዞ ጅማቱ ላይ አስቀመጠና ጉልበቱን ያጥፍ ይዘረጋ ጀመር። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አዳመጡት። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ጊዜ።

«አይላላም፣ አይከርርም» አሉ። «በል አሁን እሰረው።»

ሐኪም «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ፍርሃቴ የለቀቀኝ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

አባቴ ከመውጣታቸው በፊት፣ «ይቅር በለኝ ልጄ። የክርስትና ስምህ ማን ነው?» አሉት።

«ወልደ ሰንበት።»

በቀጠሮዬ ቀን ተሠራሁ። አባቴ ደጅ ቁጭ ብለው ዳዊት ሲደግሙ ዋሉ። ስነቃ ዶክተሩ አጠገቤ ቆሞ፣ «ሃያ ጊዜ አጥፌ ዘርግቼ ነው ያሰርሁት፤ ለመሪጌታ ንገርልኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ማጠፍና መዘርጋት ስለማመድ ወራት ፈጀ፤ አስለቅሶኛል። ፋብሪካ ውስጥ ያወራሁትን ወሬ ለመመለስ ግን ከዚያም የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። ሹፌሩም ጉልበቱ እንደገና ተከፍቶ ተሠራለት፤ እንደ ድሮው ባይሆንም መሪ ለመጨበጥ በቃ።

መጀመሪያ ወደ ዘጌ የተሻገርሁ ዕለት ከጀልባው በራሴ እግር ወረድሁ። እፎይ! ስኳሩም አልረጠበ፣ እኔም አልረጠብሁ።

በዓመቱ ስቅለት ከአባቴ ጎን ሰገድሁ። ጎንበስ ባልሁ ቁጥር ጉልበቴን ሰረቅ አድርገው ሲያዩ፣ ስግደታቸው ስንት እንደደረሰ ጠፋባቸው።

ዶክተሩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ ዳግም አልተገናኘንም። አባቴ እስኪያርፉ ድረስ ስሙን ከጸሎታቸው አላጎደሉም። አሁን ተራው የእኔ ነው። ስሰግድ ጉልበቴ መሬት ሲነካ፣ «ወልደ ሰንበትን አስበው» እላለሁ። ከዚያ ምንም ሳልደገፍ ብድግ እላለሁ።