የማርሊስ አርባ እርምጃ

የአጋዘን አደን ማድፈጫዋ ጎጆ ከሁለት ወንበር በላይ አትይዝም። በሯ በኦሪን በኩል ነው። ማርሊስ መውጣት ካማራት እሱ ተነስቶ፣ ወንበሩን አጥፎ ማሳለፍ አለበት፤ እሱ ደግሞ ሳይመሽ አይነሳም።

ኦሪን ዋርሳዋ ነው። ባሏ ግሌን ከሞተ ወዲህ የአኩሪ አተሩ ማሳም፣ ጫካውም፣ ይህች የጣውላ ጎጆም የእሱ ብቻ ሆነዋል። ጠዋት ሲያመጣት፣ «ዘንድሮም ባዶ እጅሽን ከተመለስሽ ወንበሩን ለጓደኛዬ ለቴሪ ነው የምሰጠው። እሱ ቢያንስ ይተኩሳል» ብሏታል። ማርሊስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት። በሚሺገን ክረምት ፍሪዘሯን የሚሞላው ከዚህ የምታገኘው ሥጋ ነው። ግን ሥጋው ብቻ ቢሆን ባልጨነቃት። ግሌን ጎኗ ተቀምጦ፣ አድናለሁ ብሎ መጥቶ ያንኮራፋ የነበረው እዚህ ነው።

ትከሻዋ በቀዶ ጥገና ከተጠገነ ወዲህ የጠመንጃ ሰደፍ አይችልም። ስለዚህ የምታድነው በሁለት እጇ በምትይዘው ከባድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። የአደን ወቅት ሊከፈት ሲል የወረቀት ሳህን ግንድ ላይ ትሰቅላለች፤ የአጋዘን ልብና ሳንባ የሚያርፉበት ቦታ ከዚያ አይሰፋም። ጫካ ውስጥ እንደምትቀመጠው ተቀምጣ ትተኩሳለች። አንዲት ጥይት ከሳህኑ ከወጣች ጠጋ ትላለች። ሁሉም ሳህኑን ሲያገኙ የዚያ ዓመት ልኳ ያ ርቀት ነው። ሽጉጡማ ከዚያ አልፎ ይገድላል፤ የሚያጥረው እጅ ነው። ዘንድሮ አርባ እርምጃ ላይ ቆመች።

አንድ ወንድ አጋዘን ከማሳው ማዶ ብቅ አለና ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ቀንዱ ያስደነግጣል።

«በይ!» አለ ኦሪን በሹክሹክታ።

«ሩቅ ነው።»

«ይሄ ነው ሩቅ?»

«ከሰማንያ እርምጃ አያንስም።»

«ያ የያዝሽው መድፍ በሰማንያ ድብ ይጥላል!»

«እሱ ይጥላል። እኔ ግን ሆዱን ብመታውስ? ሌሊቱን ሙሉ እየተጎተተ ይሞታል።»

«እሜቴ፣ የመጣነው አጋዘን ልናድን ነው ወይስ ሳህን?»

ኦሪን ክርኗን ከታች ገፍቶ ወደ መስኮቱ አነሳው። ወንበሯ ሲጢጥ አለ። አጋዘኑ ቀና ብሎ አየና በሁለት ዝላይ ጫካ ገባ።

«ይኸው! ደስ አለሽ?»

«እጄን አትንካኝ፣ ኦሪን።» ኦሪን ከቦርሳው ሳንድዊች አወጣ። ለእሷ አልቆረሰላትም።

ብዙ ሳይቆይ ከቁጥቋጦው ስር አንዲት ሴት አጋዘን ወጣች። የማርሊስ የአደን ፈቃድ ሴትም መምታት ይፈቅዳል። እየጋጠች፣ እየጋጠች፣ አርባ ላይ ደረሰች። ኦሪን ማኘኩን አቆመ።

ማርሊስ የእጇን አንጓ መስኮቱ ላይ አሳረፈች። አፈሙዙ ከአጋዘኗ ትከሻ ወደ ሆዷ፣ ከሆዷ ወደ ትከሻዋ ይዋልላል። ንዴቱ ከእጇ አልወጣም ነበር። ትንፋሿን ለቀቀች። ጠበቀች። እንደገና ሞከረች። አሁን እዚያ ሳህን ቢሰቀል ስንቱ ጥይት ይገባል? ብላ ራሷን ጠየቀች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ባታውቀው ደግሞ በወደደች።

«አርባ ናት እኮ!» አለ ኦሪን፤ ሊለምናት ምንም አልቀረው። «ያንቺው አርባ!»

«ዛሬ አርባ የለኝም።»

ሽጉጡን ዝቅ አድርጋ ጭኗ ላይ አኖረችው።

«በቃ፤ ለቴሪ እደውላለሁ» አለ።

«ደውል።»

ሳንድዊቹን ማኘክ ቀጠለ። አጋዘኗ ግን አልሄደችም። ያለ ሐሳብ እየጋጠች፣ አንዳንዴ ቀና እያለች፣ እዚያው ፊት ለፊታቸው ቆየች። ማርሊስ እጆቿን ጉልበቶቿ መካከል አጣብቃ ታያት ጀመር። እስኪመሽ ገና ብዙ ይቀራል።