ሰባት ቤት ቆጥሬ ያጠፋኋት አገር

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ አገር ተሰጠኝ። ሳልጠይቅ ነው የተሰጠኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚህ ዕድሜዬ መንግሥት አገኘሁ፤ ያውም ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ።

የሰጠችኝ ልጄ ናት። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ለሠርጓ ብላ ያጠራቀመችውን የዓመት ፈቃድ በዚያ ክረምት ወስዳ ሳሎን ተቀመጠች። ሠርግ ግን አልነበረም። ያልነበረውም በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ጎረቤትም ያውቃል።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። የላካቸው አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ነው። እንደ ደንቡ ገብተው ቆሙ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። እኔም እንደ ደንቡ አቆምኳቸው። ልጄን ለልጃቸው እንድሰጥ ሲጠይቁኝ፣ "ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ኑ" አልኩ። እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ በደም አለመገናኘታችን ካልታወቀ በእኛ ዘንድ ልጅ አይዳርም። ሄዱ። ሰኔ ላይ እንደገና መጡ። የልጁ አባት ጎጃም ድረስ ደውሎ፣ ሽማግሌ ጠይቆ፣ አምስት ቤት አግኝቷል።

"ሁለት ይጎድላል" አልኩ።

የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

"አንቺ ቡልጋ፣ እነሱ ጎጃም። የት ልትገናኙ ነው?"

"ኖኅ ጋ፣ አባ።"

"እንግዲያው በዓለም ላይ ማንም ማንንም አያግባ። በይ ልጂቱን ዳሪ።"

ዳሪ ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ትልቁ ሽማግሌም ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ "ከእንግዲህ ካልተጠራን አንመጣም፣ እህቴ" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ተመስገን።

ልጄ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። "እሺ እማዬ" አለችና ላፕቶፗን ከፈተች። ከዚያ ወዲያ ጀርባዋን ሳይ ከረምኩ። ለምሳ ስጠራት ትመጣለች። ለቅዳሴ ስቀሰቅሳት ትነሣለች። እኔ ጋ ግን አልነበረችም፤ ካርታ ውስጥ ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምስሬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና መልቀም ጀመርኩ። ምስሩ ተለቅሞ ያለቀ ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ጨዋታ።"

"ሲያዩት ጂኦግራፊ ይመስላል።"

"ታሪክ ነው። አንድ አገር ትይዣለሽ፤ ንጉሥ ነሽ። ትድሪያለሽ፣ ትዋጊያለሽ፣ ግብር ትሰበስቢያለሽ፣ ትሞቻለሽ፣ ልጅሽ ይቀጥላል።"

"ከዚህ ሁሉ የቱ ነው ጨዋታው?"

ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። መንግሥቱን የተቀበልኩት ለዚያ ሳቅ ስል ነው።

መጀመሪያ ኢትዮጵያን ስጪኝ አልኳት።

"ለጀማሪ አትሆንም። በየአቅጣጫው ጦርነት ነው፤ ውስጥ ውስጡንም ይከዱሻል።"

"ይሄንንማ ያለ ኮምፒውተርም አውቀዋለሁ።"

ስለዚህ በአውሮፓ ጫፍ፣ ባሕር ዳር ያለች፣ ስሟን እስካሁን አጥርቼ የማልጠራት ትንሽ አገር ተሰጠችኝ። የኔ ንጉሥ ወጣት ነው። አፍንጫው ጠመም ብሏል፤ ፊቱ ላይ ግን ክፋት የለበትም። ለአገር መሪ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

መማሩ ከባድ ነበር። ከላይ በኩል ቁጥሮች ይደረደራሉ፤ ወርቅ፣ ክብር፣ ሃይማኖት። የጨዋታው ማስተማሪያ የሚባል ነገር አለ፤ እዚህ ተጫኚ፣ እዚያ ተጫኚ እያለ ይጨቀጭቃል። አማች የለኝም እንጂ እንዲህ ነው የሚናገሩት ይባላል። ልጄ እያነበበች ትተረጉምልኛለች። ከቁልፎቹ ሁሉ የወደድኩት ከታች ያለውን ረጅሙን ነው። እሱን ሲጫኑት ዘመን ይቆማል። ሠራዊት መንገድ ላይ ይቀራል፣ መርከብ ባሕር ላይ ይቀራል፣ ማንም አያረጅም። ልጄ እጄን ከላዩ ላይ እያነሳች፣ "እማዬ፣ ልቀቂው እንጂ!" ትለኛለች።

እኔ አገር የማስተዳድረው በማውቀው መንገድ ነው። ባለኝ ወርቅ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አሠራሁ። ፍልሰታ ስለሆነ ሠራዊቱን በተንኩት።

"እማዬ፣ ጨዋታው ውስጥ እኮ ፍልሰታ አይደለም። ጥር ነው።"

"እኔ ጋ ፍልሰታ ነው።"

ከዚያ ንጉሤን ልድር ተነሣሁ። እዚህ ላይ ጨዋታው ዐዋቂ ነው፤ የእያንዳንዱን መኳንንት የዘር ሐረግ ከነሥዕሉ ዘርግቶ ያሳያል። የጎጃም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረው ምን አለበት አልኩ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ። አንዷ ሦስተኛ ቤት ላይ ዘመዱ ናት። ሌላዋ የአክስቱ ልጅ ልጅ። ሦስተኛዋ በሁለት በኩል እህቱ ሆና ተገኘች፤ ዝርዝሩን ባልጽፈው ይሻላል። የአውሮፓ ነገሥታት ሁሉ አንድ ቤት ናቸው፤ እርስ በርስ ነው የሚዋለዱት። ጸሎት አደረግሁላቸው።

በመጨረሻ ሩቅ አገር አንዲት ንጹሕ ልጅ አገኘሁና ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ እምቢ አሉ። ልጄ የማውሷን ቀስት እምቢታው ላይ ስታሳርፈው ዝርዝር ብቅ አለ፤ በአረንጓዴ የሚጨመረው፣ በቀይ የሚቀነሰው። አገርሽ ትንሽ ናት፣ ይቀነስ። ሩቅ ነሽ፣ ይቀነስ። ሠራዊት የለሽም፣ ይቀነስ። ለምእመንነትሽ፣ ትንሽ ይጨመር።

"እንዴት ያለ ጨዋ ነገር ነው!" አልኩ። "ሰው እምቢ ሲል ምክንያቱን ቁጭ ያደርጋል።"

ልጄ ዝርዝሩን ዘጋችው።

ከባሕር ወራሪ የመጣው ያኔ ነው። በተንኩት ያልኩት ሠራዊት በየቤቱ ነው። አለቀልኝ ስል፣ ከጎኔ ካለው ትልቅ አገር ወታደር ጎረፈና ወራሪውን አባረረልኝ። ከዚያም አንድ ሳንቲም ሳይጠይቅ፣ ከመሬቴ አንድ ስንዝር ሳይወስድ፣ ተመልሶ ወጣ።

"ይህ ኮምፒውተር ደግ ነው" አልኩ።

"እሱን አገር ኮምፒውተሩ አይመራውም። በኢንተርኔት ሰው ነው የሚመራው።"

"የት ያለ ሰው?"

"አየር ጤና ያለ ሰው።"

ምስሬን ለቀምኩ። በሩ ሲዘጋበት በመስኮት መጣ ማለት ነው። ለካ እኔ ያን ረጅም ቁልፍ ተጭኜ ዘመን ባቆምኩ ቁጥር አየር ጤናም አብሮ ይቆማል። ልጁ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ እስክለቀው ይጠብቃል። አንድ ቀን እንኳ ፍጠኑ ብሎ አልላከም። ሻማ ይዤ ለመጸለይ ስነሣ፣ ሁሉም ሰው መንገዱ ላይ እንደቆመ ትቼው እሄዳለሁ፤ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ትዕግሥት ነው ወይስ ሱቁ ገበያ የለውም? ሁለተኛውን ነው ያሰብኩት።

ብዙም ሳይቆይ ከዚያ አገር የታሸገ ደብዳቤ ብቅ አለ። የንጉሡን እህት ለንጉሤ ልስጥ ይላል። ልጄ አንብባልኝ ስታበቃ አየችኝ። እኔ ሐረጉን ከፍቼ መቁጠር ጀመርኩ። አምስተኛው ቤት ላይ ደረስኩና ስክሪኑን በጣቴ መታሁት።

"አየሽ? አምስተኛው ላይ ተገናኙ! በአንዲት አያት። ይህን ነው የምለው! አምስት ቆጥሮ ለሚያቆም ሰው ይህን አሳዪልኝ።"

"እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ከሞቱ ስንት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል።"

"ደም ደም ነው።"

እምቢ አልኩ። ልጄ እምቢታዬን ራሷ ተጭና ላከችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች፤ ኮምፒውተሩ ክፍት፣ ዘመኑ ሩጫ ላይ። እኔ ዝናቡን እየሰማሁ ዓመታቱ ሲያልፉ አየሁ። ንጉሤ ሸበተ። አፍንጫው የበለጠ ጠመመ። ቤተ ክርስቲያኖቹ አምረዋል፤ ግምጃ ቤቱም፣ ተመስገን፣ ባዶ ነው። ሰውየው ቤተ መንግሥት ውስጥ ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ይጸልያል።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ፣ ሁለታችንም ፊት ለፊቱ ተቀምጠን ሳለ ሞተ። ደወል ተሰማ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ጽሑፍ መጣ።

"ምን ይላል?"

"ዘር አልተካሽም ይላል። ቤትሽ ተዘግቷል።"

"አገሪቱስ?"

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይዟት ነው።

"አገሪቱን የቅርብ ዘመድ ወረሳት።"

"ማነው ዘመዱ?"

"አምስተኛው ቤት ላይ የተገናኛችሁት።"

ለጋብቻ የቀረበብኝ ለውርስ በቃ። ካርታው ላይ አገሬ ቀለሟን ቀይራ ከጎረቤቴ ጋር አንድ ሆነች። አንድ ወታደር አልሞተም። ልጄ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ማዳመጫ ነቅላ፣ "ሊያናግርሽ ይፈልጋል" አለች።

"ድምፁን ክፈቺው።"

"ጤና ይስጥልኝ እማማ" አለ። ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ተራ አስከባሪ ይጮኻል። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ አልፈለግሁትም፤ ጨዋታው ራሱ ነው የሰጠኝ።"

"ምን ይደረጋል። ዘመዴ ነህ አሉ።"

"እዚያ ብቻ ነው፣ እማማ። እዚህ ባዳ ነኝ።"

"አፍ አለህ።"

"ባለ ሱቅ ነኝ፤ ያለ አፍ አይሸጥም። ቤተ ክርስቲያኖቹን አልነካብዎትም። ስሟንም አልቀይርም።"

"ወታደሮቹን አስጹማቸው።"

"እሺ። ግን ጥር ነው እኮ ያለው።"

"መላ አታጣለትም" አልኩና በእጄ ዝጊው አልኳት። ከዚያ በላይ ብናገር ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር።

ልጄ የጠቆረውን ስክሪን እያየች ተቀመጠች። የማውሷን ቀስት ባዶው ላይ ወዲያ ወዲህ ታንቀሳቅሳለች።

"እማዬ፣ እሱ ምን አለኝ መሰለሽ? ኮምፒውተር እምቢ ሲለው ምክንያቱ ይጻፍለታል። ሰው እምቢ ሲለው ግን ምንም አይጻፍም። ያንቺን እምቢታ ሲነካው ባዶ ነው።" ቀስቱን ከስክሪኑ አንሥታ ወደ እኔ ያዞረች ይመስል ጣቷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። "አሁን ብነካሽ ምን ይላል?"

ሁለት ቤት ይጎድላል ልል ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

"ብቻዬን እቀራለሁ፣ ይላል" አልኩ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። አንድ ነው። ቀይ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሚያፈሰው ቦታ ሥር ያስቀመጥነው ባልዲ ሞልቷል፤ ማናችንም አልተነሣንም።

"አየር ጤና እኮ ነው፣ እማዬ" አለችኝ። "ጎጃም አይደለም። ከጦር ኃይሎች አንድ ታክሲ ነው።"

"ሰልፉን አይተሽዋል?"

"እኔ ነኝ የምሰለፈው። አንቺ ምን ቸገረሽ።"

ከዚያ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረገች፤ ልጅ ሳለች እንደምታደርገው። ምስሩ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እንደገና የምለቅመው ምስር ስለሰጠኝ አምላኬን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሄድኩ። ሲያበቃ ትልቁ ሽማግሌ እንደ ልማዳቸው አጥሩን ተደግፈው፣ ጃንጥላቸውን አጣጥፈው ቆመው አገኘኋቸው። እጅ ነሣሁ።

"ፍልሰታ ሲፈታ፣ እሑድ ኑ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ሁለቱ ቤትስ? ተገኘ?"

"ኖኅ ጋ ስንደርስ እናገኘዋለን።"

"እንደ ባለፈው እግራችን እስኪያብጥ ልንቆም ነው?"

"አይ። ስትገቡ ተቀመጡ። ተቀምጣችሁ ትጠይቃላችሁ።"

ሽማግሌው ብዙ ቤት ያስታረቁ፣ ብዙ ልጅ ያጋቡ ሰው ናቸው። ተቀምጣችሁ ጠይቁ የሚባል ደንብ እንደሌለ፣ መልሱም ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ጃንጥላቸውን ያለ ዝናብ ዘረጉና፣ "እግዜር ይስጥልን፣ እህቴ" ብለው ወደ አስፋልቱ ወረዱ፤ ለዕድሜያቸው በፈጠነ እርምጃ።

እኔ ወደ ቤቴ ተመልሼ ባልዲውን ደፋሁ። ከዚያ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወለወልኩ።