ቁልፉ እሱ ጋ ነው

እናቴ ስኳር አለባት። የግራ እግሯን አውራ ጣት ጫማ ልጦት ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ ሐኪሙ በየቀኑ እየታጠበ በፋሻ ካልታሸገ እግሯን ልታጣው ትችላለች አለን። ከዚያ በኋላ እሷን ደግፌ የቀበናን ዳገት ወደ ጤና ጣቢያው መመላለስ ሆነ ሥራዬ።

ቁስል የሚያጥበው ነርስ አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሳያሳምም አጠበላት፣ እማማ እያለ አጫወታት፤ እናቴ በአንዴ ወደደችው። በነጋታው ስንሄድ ክፍሉ ተቆልፏል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እያንዘፈዘፈን እስከ ምሳ ጠበቅን። የት ሄደ ብል ለቅሶ ሄዷል አሉኝ። ለቅሶ የሄደን ሰው ማን ይወቅሳል? እናቴማ ጭራሽ ሟቹን ነፍስ ይማር ብላ ተነሳች።

በማግስቱ ስልጠና ላይ ነው ተባለ። ከዚያ ስብሰባ። ከዚያ ደግሞ አሁን እዚህ ነበር፣ ወጣ ብሎ ነው። ሌሎች ነርሶች እኮ አሉ! ለምን እናንተ አታጥቧትም ብዬ ስቆጣ፣ አንዷ ከልቧ አዝና አስረዳችኝ። ፋሻውና ጓንቱ ወጪ የሆነው በእሱ ፊርማ ነው፤ ቢጎድል ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ ሲወጣ ይቆልፋል፣ ቁልፉም እሱ ጋ ነው። በባዶ እጄ ልጠባት እንዴ አለችኝ። አቤት ልል ወደ ኃላፊው ቢሮ ብሄድ እሳቸውም የሉም። ሳቄ መጣ፤ መሳቄ ራሱ አናደደኝ።

ቤት ውስጥ በጨው ውሃ እያጠብኩ ስፍጨረጨር ቁስሉ መሽተት ጀመረ። ያን ጊዜ ገንዘቡን ከየትም አምጥቼ ብዬ መገናኛ አካባቢ ወዳለ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። መጋረጃውን ገልጦ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ! ፋሻውን ፈትቶ ቁስሉን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምነው እማማ፣ እንዲህ እስኪሆን የት ቆዩ?»

ደሜ ፈላ። እጁን ይዤ ኮሪደር አወጣሁትና፣ ስትጠብቅህ ነዋ የቆየችው፣ ቁልፉን ኪስህ ከተህ እዚህ ትሠራለህ አይደል አልኩት። ይክደኛል ብዬ ነበር፤ አልካደኝም።

«የዚያኛው ደመወዝ ከቤት ኪራይ አያልፍም፣ እህቴ። ሁለት ልጆች አሉኝ። እዚያ ብውል እነሱ ጦማቸውን ያድራሉ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

እጁን ለቀቅኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ቀጣፊ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። ተመልሶ ገብቶ ግንባሩ በላብ እስኪጠመቅ አጠበላት። ምን ዋጋ አለው፣ ጊዜው አልፏል። ሆስፒታል ተልካ እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆረጡት።

ከተቆረጠች በኋላ ሊጠይቃት መጣ። የጥየቃ ሰዓት አልነበረም፤ የጤና ባለሙያ መሆኑን አይተው ዘበኞቹ አሳለፉት። ብርቱካን ይዞላታል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፣ ትራሷን አስተካከለላት፣ አይዞዎት እማማ አላት። እናቴ እንባዋ ወረደ። የሥጋ ዘመድ ያላደረገልኝን አደረግክልኝ ብላ እጁን ይዛ መረቀችው።

«እግርህን እንቅፋት አይንካው፣ ልጄ።»

እሱም አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። እኔ ያመጣውን ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ቀኑ የሥራ ቀን ነው፣ ገና ረፋድ። በዚያች ሰዓት ቁስሏን ይዛ እሱን የምትጠብቅ የሌላ ሰው እናት አለች። የት ሄደ ብላ ስትጠይቅ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዷል ይሏታል። እሷም እሰይ፣ ደግ አደረገ ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።