ዊኒ የመታችው ማኅተም

ጎረቤቴ ኤድጋር ሜትካፍ ሁሌ ያናድደኛል። ሰው ሚስቱ ስትሞትበት ውሻ ያሳድጋል፣ ወይ መጠጥ ቤት ብቅ ይላል። እሱ ግን ያረጁ ፖስታዎች ላይ በማጉያ መነጽር አቀርቅሮ ይውላል። የሚያየው ቴምብሩን እንኳ አይደለም፤ ፖስታ ቤቱ የመታበትን ማኅተም ነው።

እዚህ ዮርክሸር ድሮ የአንድ መንደር ፖስታ ቤት ማኅተም ሲሰበር፣ አዲሱ ተቀርጾ እስኪመጣ ከከተማ ጊዜያዊ ይላክለት ነበር። ፊደሎቹ አንድ በአንድ በእጅ ስለሚሰኩ ይንጋደዳሉ፤ ክፍተታቸውም እኩል አይሆንም። ኤድጋር የሚለየው በዚያ ነው። የሚሠራበት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ስለነበር እንደ ልብ አይገኝም። የኛ መንደር የቶርንበክ ደግሞ ጭራሽ ታይቶ አያውቅም።

ኤድጋር ግን አንድ ጊዜ በእጁ ገብቶለት ነበር። ወጣት ሆኖ ሊድስ ሲሠራ፣ የቶርንበክ ፖስታ ቤት ሠራተኛ የነበረችው ዊኒ ትጽፍለት ነበር፤ ጊዜያዊውንም ማኅተም ደብዳቤዎቿ ላይ የምትመታው ራሷ ናት። እሱ ያኔ ሐሳቡ ሁሉ ቴምብር ላይ ነው። ፖስታውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ የንግሥቲቱ ምስል ያለበትን ቴምብር ያላቅቅና የቀረውን ምድጃ ውስጥ ይጥለዋል። ቴምብሩ ላይ የተረፈው የማኅተሙ ጠርዝ ብቻ ነው፤ የመንደሩ ስም የለበትም።

ከተጋቡ በኋላ ዊኒ በዚህ ነገር አልማረችውም። ሰው ፊት ሳይቀር፣ «ንግሥቲቱን አስቀምጦ እኔን ያቃጠለ ባል» ትለው ነበር።

«ፈልጌ አገኘዋለሁ አልኩሽ» ይላታል።

«እስክታገኘው እኔ ያለሁ መስሎሃል?»

እንደሱ ያረጁ ፖስታዎች የሚሰበስቡ ሰዎች ማኅበር ከአባል ወደ አባል የሚዞር ሳጥን አለው፤ ሁሉም የሚፈልገውን ፖስታ ይመርጥበታል። ኤድጋርን ጉልበቱ እምቢ ካለው ወዲህ ሳጥኑን የማመጣለት እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምትም «ይኸው ቆሻሻህን አመጣሁልህ» አልኩት።

«አስቀምጪውና ሻይ ጠጪ። አፍሽ ትንሽ ይረፍ።»

ጥቂት ፖስታ አገላብጦ አንዱ ላይ ቀረ። ለከሰል ነጋዴ የተላከ ተራ ፖስታ ነው። መነጽሩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ።

«ቶርንበክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቴ መትታዋለች። ዊኒ የመጀመሪያው ደብዘዝ ሲልባት ትደግመው ነበር።»

ከዚያ ብድግ ብሎ ወደ ማድ ቤቱ ዞረ። «ዊኒ፣ ነይ እዪ፤ አገኘሁት።»

ያ የታመመ ጉልበቱ እንዴት እንዳስነሳው አላውቅም። ፖስታውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዊኒ ከሞተች አራተኛ ዓመቷ ነው።

«እስቲ ለኔ አሳየኝ» አልኩት።

አመጣልኝ። የተንጋደዱ ፊደሎች ያሉበት ጥቁር ክብ ነው። እኔ ሌላ የታየኝ ነገር የለም።

«በጣም ያምራል» አልኩት።

«ያምራል» አለና ፖስታውን መልሶ ተቀበለኝ። «እሷ ብትሆን ትሰድበኝ ነበር።»